ሁለት መቶ ዐሥራ አራተኛው ፎቶ

አው ዐብዱሰላም በገዛ ግቢያቸው መሐል በግራ ጎናቸው ወድቀው ነበር። ኮፍያቸው ከራሳቸው ሁለት ክንድ ርቋል፤ አንዱ እግራቸው ጫማ የለውም። ከጣሪያው ጠርዝ እስከ ግቢው ድንጋይ ከፍታው ሁለት ሰው ተኩል ቢሆን ነው። ሐረር «አው» ብሎ ለሚያከብረው የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ ግን ግማሹም ይበቃው ነበር።

ኢንስፔክተር ብርነሽ ኃይለመስቀል ከኤረር በር የጀጎልን ዳገት በእግሯ ወጥታ ስትደርስ ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሐረር ተወልዳ ሐረር ያረጀች፣ ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ሥር አልጋ ላይ የዋሉ እናቷን ብቻዋን የምትጦር፣ ሃምሳውን ያለፈች ሴት ናት። ሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ ቤቱን ማየት ልማዷ ነው። የውጭው ግንብ ለረመዳን አዲስ ኖራ ተቀብቶ ገና አልደረቀም፤ የውስጡ ተራው አልደረሰም። ከሳሎኑ በር በላይ አንድ ቀይ ስጋጃ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የጀጎል ሰው ይህን ሲያይ ጥያቄ አያበዛም፤ እዚህ ቤት ያላገባች ልጅ አለች ማለት ነው። የተዳረች ዕለት ስጋጃው ይወርዳል።

«ልጅቱ ማን ትባላለች?» አለች ብርነሽ።

«ጃሚላ» አለ በሩ ላይ የቆመው ሳጅን ሰለሞን። «ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ከአባቷ ጋር ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ግን ኢንስፔክተር፣ ብዙ አይልፉ። ገዳዩ እጁን ሰጥቷል።»

«ማነው?»

«የወንድማቸው ልጅ ሀፊዝ። ኤረር በር ሬዲዮና ሞባይል የሚጠግነው። ጣሪያው ላይ ያለውን ካሜራም የሠራው እሱ ነው። ‹ሽቦውን ነቅዬ አጠፋሁት፣ ከዚያ አጎቴን ገፋኋቸው› ብሏል። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ፍርድ ቤት እናቀርበዋለን።»

«ጉድ እኮ ነው! ሬሳው ሳይነሣ ገዳዩ ተናዞ ጨረሰ?»

ተንበርክካ የሽማግሌውን ቀኝ እጅ ቀስ ብላ ፈለቀቀች። ጣቶቹ መሐል ስንዝር የማይሞላ ቀይ ክር ነበር።

«ኪታብ ጠራዥ አልነበሩ?» አለ ሰለሞን። «የመጠረዣ ክር ነው።»

«የጠራዥ ክር ሰም ይጠጣል፤ ይሄ ሱፍ ነው» አለችና ወረቀት ላይ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ጉልበቷን እየረገመች ጣሪያው ላይ ወጣች። ካሜራው ከፋብሪካ የወጣ አይደለም። ከተጣለ ሞባይል የተወሰደ ዐይን በነጭ ጀሪካን ቁራጭ ተሸፍኖ ወደ ግቢው ቁልቁል ያያል፤ ከጎኑ የደብተር ስፋት ያላት ሶላር አለች፤ ከሥሩ ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ባትሪ ታስሯል። ሲበራም፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ባየ ቁጥርም ፎቶ ያነሣል፣ ተራ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ያለ ሽቦ ወደ ሀፊዝ ሞባይል ይልከዋል። ከሶላሩ የሚወርደውን አጭር ሽቦ በጣቷ ተከተለችው። ሀፊዝ መጋጠሚያውን ሁሉ በቀለጠ ፕላስቲክ ደፍኖታል፤ የተነቀለም፣ እንደገና የተቀጠለም ነገር የለም።

ሻርፗን አውልቃ ሶላሯ ላይ ጣል አደረገችው። የካሜራው አረንጓዴ መብራት ወዲያው ጠፋ። ሻርፑን አነሣችና ሰዓቷን እያየች ጠበቀች። መብራቱ የበራው ከሦስት ደቂቃ በኋላ ነው።

«ባትሪው ከሞተ ቆይቷል» አለች ለራሷ። «ፀሐይ ካላየ አያይም።»

ከሶላሩ ሥር ያለው የጣሪያ ጠርዝም ኖራ ተቀብቷል። እርጥቡ ላይ አንድ ከባድ የተሸመነ ነገር አርፎበት፣ የሽመናውን ቅርጽ መስመር በመስመር ትቶ ተነሥቷል።

ጃሚላን ጓዳ ውስጥ አገኘቻት። እጇ እስከ ክርኗ ነጭ ነው።

«ከረፋዱ አምስት እስከ ስድስት የት ነበርሽ?»

«ኖራ አልቆብኝ ኤረር በር ወርጄ ነበር። አላገኘሁም። ስመለስ እንዲህ ሆነው…» እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን።»

«ካሜራውን ማን አስተከለው?»

«አባቴ። ኪታቦቹ ይሰረቃሉ ብለው። ዐይናቸው እየጠፋ ነበር። መርፌ የምሰካላቸው እኔ፣ የማነብላቸው እኔ። ‹ዐይኔ አንቺ ነሽ› ይሉኝ ነበር።» ቀና ብላ አየቻት። «ሀፊዝ አይደለም፣ ኢንስፔክተር። ሀፊዝ ዝንብም አይገድል።»

«እሱ ግን ነኝ ይላል።»

ጃሚላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ይህ ብርነሽን ከንግግሩ ሁሉ የበለጠ አሳሰባት።

ቀጥሎ የተጠራው አቶ ዮሐንስ ነው፤ የድሮ ዕቃ ነጋዴ፣ ከተማው ውስጥ የታወቀ ጨቅጫቃ። ሟቹን አንድ ጥንታዊ ኪታብ ሽጡልኝ እያለ ሦስት ዓመት ደጅ ጠንቷል።

«ተጣልተናል፣ አልዋሽም» አለ። «ዛሬም አራት ሰዓት ላይ መጥቼ ‹ውጣልኝ› ብለውኛል። ወጣሁ። ሽማግሌ የምገድል ሰው እመስላለሁ?»

«ሲወጡ ካሜራው ሳያነሣዎት አይቀርም። ጃሚላን አዩዋት?»

«እንዴት አላያት! ጣሪያው ላይ ሆና ኖራ ስትቀባ ሱሪዬን አበላሸችው። ሁለት ባልዲ ሙሉ ኖራ ይዛ ለሰው አታስብም!»

«ሁለት ባልዲ ሙሉ?»

«አፉ ድረስ!»

ሦስተኛው ሀሚድ ነበር፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ በድሬ ጠያራ ገጠር ለውዝ የሚያመርት ገበሬ። የገበያው ሴቶች ሁሉ ከአምስት ሰዓት እስከ ሰባት ኤረር በር ቆሞ አይተውታል።

«ለውዝህን አልሸጥክ፣ ዕቃ አልገዛህ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ምን ታደርግ ነበር?»

«ሰው ስጠብቅ።»

«ማንን?»

ሀሚድ ባርኔጣውን እጁ ላይ አዟዟረው። «ሰኞ ዕለት ሽማግሌ ልኬ ነበር፤ ለአራተኛ ጊዜ። አው ዐብዱሰላም ቆጣ አሉ። ተነሡና ከበሩ በላይ ያለውን ስጋጃ በገዛ እጃቸው አወረዱት። ‹ይኸው! እዚህ ቤት የምትዳር ልጅ የለችም!› አሉ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ጨለማውን ፈርተው ነው። ጃሚላ ግን ዛሬ እመጣለሁ ብላ ላከችብኝ። አልመጣችም።»

ብርነሽ ማስታወሻዋን ዘጋች። ስትገባ ያየችው ስጋጃ ትዝ አላት። ምነው ባልጠየቅሁት፣ አለች። ሰው ግን የጠየቀውን እንዳልሰማ አይሆንም።

ወደ ማታ ሀፊዝን ማረፊያ ቤት ሄዳ አገኘችው። አርባ ዓመት የሞላው፣ ጣቶቹ በመበየጃ ሊድ የተቃጠሉ፣ አንገቱን የደፋ ሰው ነው።

«እኔ ነኝ። ይጻፉት።»

«አምስት ሰዓት ከዐሥራ ሁለት ላይ ለአጎትህ ደውለሃል። ምን አልካቸው?»

«ምስሉ ጠፍቷል፣ ሶላሩ አቧራ ይዞት ይሆናል፣ ይወልውሉት አልኳቸው።» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ዐይን የሌለውን ሰው ጣሪያ ውጡ አልኩ!»

ያ ለቅሶ የውሸት አልነበረም። ብርነሽ የተያዘውን ሞባይሉን ከፍታ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየች፤ አንዱ ቁጥር ላይ ስትደርስ ቆመች፣ ወደ ኋላ ተመለሰች፣ እንደገና አየች።

በማግስቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አራቱንም እዚያው ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ሽማግሌው ማታውኑ ተቀብረዋል። ሀፊዝ በካቴና እንደታሰረ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ ጃሚላ ፊት ለፊቱ፣ ሀሚድ በሩ አጠገብ፣ አቶ ዮሐንስ ሰዓቱን ደጋግሞ እያየ።

«ሦስት ሰዓት ላይ ሀፊዝ ችሎት ይቀርባል» አለች ብርነሽ። «ባመነው ቃል ዕድሜውን እስር ቤት ይጨርሳል። ስለዚህ ቶሎ ልጨርስ። ሀፊዝ፣ ሽቦውን ነቀልኩት ብለሃል። ሽቦው አልተነቀለም፤ ራስህ የደፈንከው ፕላስቲክ እንዳለ ነው። ካሜራው የጠፋው ሶላሩ ላይ አንድ ነገር ተጥሎበት ነው። የሠራው ሰው እንዴት እንደጠፋ ካልነገረን፣ ወይ አያውቅም፣ ወይ መናገር አይፈልግም።»

«ነቅዬ መልሼ…»

«ተው እንግዲህ። ሞባይልህ ላይ ሁለት መቶ ዐሥራ ሦስተኛው ፎቶ የተነሣው ለአምስት ሰዓት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ቀጥሎ ያለው ሁለት መቶ ዐሥራ አምስት ነው፤ አምስት ሰዓት ከአርባ ሁለት፤ አጎትህ ግቢው ላይ ወድቀው ያሳያል። ዐሥራ አራተኛው የለም። ካሜራው ከመጨለሙ በፊት ያየውን የመጨረሻ ነገር አንተ አጥፍተኸዋል። ፎቶው አንተን ቢያሳይ ኖሮ ምን አስቸገረህ? ገዳይ ነኝ እያልክ ማስረጃ አታጠፋም። ያጠፋኸው ሌላ ሰው ስላሳየ ነው።»

ሀፊዝ ወለሉን እያየ ቀረ።

«ሶላሩ ላይ የተጣለው ከባድ የተሸመነ ነገር ነው፤ ኖራው ላይ ቅርጹ ቀርቷል። ሟቹ እጅ ላይ ቀይ የሱፍ ክር ተገኝቷል። ሰለሞን፣ እስቲ እሱን አውርድልኝ።»

ሳጅኑ በርጩማ ላይ ወጥቶ ከበሩ በላይ ያለውን ስጋጃ አወረደና ዘረጋው። ጀርባው ላይ ኖራ ደርቆ እንደ ቅርፊት ተሰነጣጥቋል፤ አንዱ ጠርዝ ተጎትቶ ተተርትሯል።

«የሳሎኑ ግንብ ኖራ አልነካውም» አለች ብርነሽ። «ይህ ስጋጃ ጣሪያ ወጥቶ የተመለሰ ነው። ደግሞ ሰኞ ዕለት አው ዐብዱሰላም በሽማግሌ ፊት አውርደውታል። እኔ ትናንት ስገባ ግን ቦታው ላይ ነበር። ማን መለሰው? አቶ ዮሐንስ ቢሆን ጠቅልሎ ይዞት ይሄድ ነበር።»

«ኧረ በስመ አብ!» አለ አቶ ዮሐንስ።

«ሀሚድን ሁለት ሰዓት ሙሉ ገበያው አይቶታል። ሌላ ሌባም ሰው ገድሎ የሰው ቤት አያሰናዳም። ስጋጃውን ወደ ቦታው የሚመልሰው፣ ቦታው ባዶ ሲሆን የሚያመው ሰው ብቻ ነው። ሁለት ባልዲ ኖራ እያላት ‹ኖራ አለቀብኝ› ብላ የወጣች ሰው።» ድምጿ ዝቅ አለ። «ጃሚላ፣ ካሜራው ለመንቃት ሦስት ደቂቃ እንደሚፈጅበት ታውቂያለሽ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ስጋጃውን መልሰሽ ሰቅለሽ ወጣሽ።»

«አትመልሺ!» ብሎ ሀፊዝ ጮኸ። «ጃሚላ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ዝም በይ! የላኳቸው እኔ ነኝ!»

ጃሚላ ግን ስጋጃውን እያየች ነበር።

«ልሄድ ነበር» አለች። «ሀፊዝ ምስሉን አይቶ እንዳይነግራቸው ነው የሸፈንኩት። ልብሴን ስሰበስብ ደረጃውን ሲወጡ ሰማሁ። ‹ይውረዱ፣ ይወድቃሉ› እያልኩ ተከተልኳቸው። ስጋጃውን ዳሰሱት፤ በጣታቸው አወቁት። ‹ጃሚላ፣ ዐይኔን ሸፍነሽ ልትሄጂ?› አሉኝ። በአንድ እጃቸው ስጋጃውን፣ በአንድ እጃቸው ክንዴን ያዙ። ይልቀቁኝ አልኩ። አለቀቁኝም። ሃያ ዓመት እንዳልለቀቁኝ።» እጆቿን አየቻቸው። «አንዴ ነው የገፋሁት። አንዴ።»

«ለምን መልሰሽ ሰቀልሽው?»

«ሰው ለለቅሶ ይመጣል። ባዶውን አይተው ‹ጃሚላን ለማን ሰጧት?› ሲሉኝ ምን እመልሳለሁ?»

አቶ ዮሐንስ እንኳ ሰዓቱን ማየት ተወ። ሀሚድ ባርኔጣውን ደፍቶ ወደ ጃሚላ አንድ እርምጃ ተራመደ። ዞሮ ወጣ፤ እግሩ መንገዱን ሲወርድ ተሰማ።

ሰለሞን የሀፊዝን ካቴና ፈታ። ሀፊዝ ነፃ የወጣ ሰው አይመስልም ነበር።

«ለችሎቱ ሁለት ሰዓት ብቻ ቀርቶት ነበር፣ ኢንስፔክተር» አለ። «ዝም ቢሉ እኔ እገባላት ነበር። ማንን ጠቀሙ?»

ብርነሽ ካቴናውን ከሰለሞን እጅ ተቀበለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ጠርቶ ለማን እንደሚበጅ ግን የሚነግር የለም። ቦርሳዋ ውስጥ ሞባይሏ ጮኸ፤ እናቷ ናቸው፤ መቼ ትመጫለሽ ሊሏት ነው። ሳታነሣው ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራዋን ጠላችው።

ሰለሞን ስጋጃውን ለማስረጃ ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ያዘ። ጃሚላን መሐል አድርገው ወደ ግቢው ወጡ። ፀሐይ ወጥቷል፤ ጣሪያው ላይ አረንጓዴው መብራት በርቷል። ከድሬዳዋ ለለቅሶ የመጡ አንዲት አሮጊት፣ ነገሩን ገና ያልሰሙ፣ የግቢው በር ላይ አገኟቸው። አሮጊቷ «አላህ ያጽናሽ ልጄ» ብለው ጃሚላን አቀፏትና ከትከሻዋ በላይ ወደ ሳሎኑ በር አዩ። የስጋጃው ቦታ ባዶ ነው። ለቅሶ ያደከመው ፊታቸው ፈካ አለ።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ። «አባትሽ ሳይድሩሽ አልሞቱማ! ለማን ሆንሽ?»

ሰለሞን ስጋጃውን ወደ ጀርባው ደበቀው። ብርነሽ አፏን ልትከፍት ስትል ጃሚላ ቀደመቻት።

«ለማንም» አለች።

አሮጊቷ ያልሰሙ መስሏቸው እንደገና ሊጠይቁ ሲሉ፣ ሦስቱ በጠባቡ መንገድ ወደ ኤረር በር ቁልቁል ወረዱ።