የሁለተኛው ቅጽ ስህተት

መጽሐፉን እኔ በአንድ ጫፍ፣ እሱ በሌላው ጫፍ ይዘነዋል።

«ወንድሜ፣ ይቅርታ... ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ!»

«እህቴ፣ ቀድሞ የያዘው ግን የእኔ እጅ ነው።»

አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጡት ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ሳቁብን። ከእኛ ዕድሜ በሚበልጥ የኮምፒውተር ሳይንስ መጽሐፍ ልንቧቀስ ነው! ምን ላድርግ? መጽሐፉ ባለ ሦስት ቅጽ ነው። አንደኛውና ሦስተኛው ቤቴ አሉ፤ ሁለተኛውን አራት ዓመት ሙሉ ፈልጌ አጥቼዋለሁ።

«እባክሽ» አለ እየተለማመጠ። «አንደኛውና ሦስተኛው አለኝ። የጎደለኝ ይሄ ብቻ ነው።»

ክው አልኩ።

ጋሼ ፈረዱ። «አብራችሁ ግዙት። አንድ ሳምንት አንቺ፣ አንድ ሳምንት እሱ። በየዓርቡ እዚሁ ተረካከቡ።»

እሱ የሁለተኛ ደረጃ የኮምፒውተር መምህር ነው፤ እኔ ለሆስፒታሎች የቀጠሮ ፕሮግራም እሠራለሁ። የመጀመሪያው ርክክብ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። በስድስተኛው ዓርብ ጋሼ «ሱቅ ልዝጋበት!» ብለው አባረሩን። እውነቱን ልናገር? ከረቡዕ ጀምሮ ምን እንደምለብስ አስብ ነበር!

አንድ ቀን፣ በእኔ ሳምንት፣ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራት ላይ ስህተት አገኘሁ። እዚያ የተጻፈው የፍለጋ ዘዴ የሚፈልግበት ዝርዝር ባዶ ከሆነ ማቆሚያ የለውም፤ ሲዞር ይኖራል። በእርሳስ ሞከርኩት። በኮምፒውተር ሞከርኩት። ስህተት ነው! ከወንበሬ ዘልዬ ተነሳሁ። ደራሲው አዛውንት ፕሮፌሰር ናቸው፤ ስህተት ቀድሞ ላገኘ ሰው በእጃቸው ጽፈው በአሳታሚው በኩል መልስ ይልካሉ። ለቀዳሚው ብቻ። ተማሪ ከነበርኩ ጀምሮ ያቺን ደብዳቤ ስመኝ ኖሬያለሁ።

ስህተቱን በደብዳቤ ጻፍኩላቸው፤ ስሜን ከነአባቴ ፈረምኩ። ከዚያ ፈራሁ። ስንት ሊቅ ያነበበውን መጽሐፍ የማርም እኔ ማን ነኝ? ወረቀቱን እዚያው ገጽ ውስጥ ሸጎጥኩት፤ ዓርብ ሳስረክብም ረሳሁት። መጽሐፉ ሲመለስልኝ ወረቀቱ አልነበረም። አፍሬ አልጠየቅኩም፤ እሱም አላነሳም።

ሁለት ወር አለፈ።

«ሐሙስ ቤት ነይ» አለኝ። «እናቴ ልታይሽ ትፈልጋለች። ሌላም ነገር አለ...»

በደስታ ልቤ ልትወጣ ነበር! እናቱ «ግቢ የኔ ልጅ» ብለው አቅፈው አስገቡኝ። ጠረጴዛው ላይ መጽሐፋችን ተቀምጧል፤ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራት ላይ ተከፍቷል። አጠገቡ ፖስታ። ጥጉ ላይ የአሳታሚው ማኅተም። ሌላውን አላነበብኩም፤ ደሜ ፈላ።

«ስህተቴን ላክኸው?»

ፈገግ አለ። «አዎ፣ ላክሁት! ቆይ ላስረዳሽ...»

«ሌባ!»

እናቱ እንደቆሙ ቀሩ። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ደጋግሞ ደወለ፤ አላነሳሁም።

በማግስቱ ዓርብ ሱቁ ስደርስ እሱ የለም። ጋሼ መጽሐፉን አቀበሉኝ።

«ጠዋት አስቀምጦት ሄደ፣ ልጄ። ‹ከእንግዲህ ለብቻዋ ይሁን› አለኝ። ፊቱ ልክ አልነበረም።»

ስገልጠው ፖስታው ውስጡ አለ። አልተከፈተም። ላዩ ላይ የተጻፈው የእኔ ስም ነው፤ ከነአባቴ! ከሥሩ የእሱ ቤት አድራሻ።

ከፈትኩት።

«ልክ ነዎት። ስለ ባዶው ዝርዝር አላሰብኩም ነበር። ይህን ስህተት ቀድመው ያገኙት እርስዎ ነዎት። አመሰግናለሁ።»

በደስታ መጮህ ሲገባኝ አለቀስኩ። ከሰው መጽሐፍ ነጠላ ሰረዝ ሳይቀር የምለቅም ሴት፣ ፖስታ ላይ ያለ የራሴን ስም ሳላነብ ሰው ሌባ አልኩ!

ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጥኩ። የሚያስተምርበት ክፍል ሳላንኳኳ ገባሁ። ተማሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ማርከሩን ከእጁ ወስጄ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦

«የስህተት ሪፖርት። ቦታ፦ የመምህሩ ቤት፣ ሐሙስ ከሰዓት። የተባለው፦ ሌባ። መባል የነበረበት፦ እወድሃለሁ። ስህተቱን የሠራችው፦ እኔ።»

ክፍሉ በጩኸት ተናጋ! «መምህር፣ መልስ!»

እሱ ሰሌዳውን እስከ መጨረሻው አነበበ።

«እኔም አጥፍቻለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ሳላስፈቅድሽ ላክሁት። ስትፈሪ ሌላ ሰው እንዳይቀድምሽ ብዬ... አድራሻሽን ስለማላውቅ የራሴን ጻፍኩ። ላስደስትሽ ብዬ ነበር።»

«አስደስተኸኛል! ይቅር በለኝ።»

ማርከሩን ተቀብሎ ከሥሩ ጻፈ፦ «ተቀብያለሁ፤ ታርሟል። እወድሃለሁ የሚለው ላይ ግን ቀድሜሻለሁ። ከመጀመሪያው ዓርብ ጀምሮ።»

ዛሬ አንድ መደርደሪያ አለን። ሁለት አንደኛ ቅጽ፣ ሁለት ሦስተኛ ቅጽ፣ መሃላቸው አንድ ሁለተኛ። እናቱ በመጡ ቁጥር «ይሄን ድርብ ድርቡን ለሰው ብትሰጡትስ?» ይላሉ።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ ደወሉ። «ሌላ ሁለተኛ ቅጽ አግኝቻለሁ! ለየራሳችሁ እንዲሆን ላስቀምጥላችሁ?»

ባሌ ስልኩን ከእጄ ነጠቀኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ እኛ አንድ ይበቃናል!»