ለቡሴ የተጻፈው ገጽ

ጡረታ የወጣው መምህር ደባልቄ ከባምባሲ ወጣ ብላ በምትገኘው የንብ ውሃ መንደር፣ በአሮጌው ጉድጓድ አጠገብ ሞቶ ተገኘ። መንደርተኛው «አዳልጦት ነው» አለ። ከአሶሳ የመጣችው ኢንስፔክተር ቀነኒ ግን ቁስሉን አየች። በግንባሩ ተደፍቶ የወደቀው ሰው የተመታው ማጅራቱን ነበር። ከጎኑ የመንደሯን ታሪክ የሚጽፍበት ደብተር ተገኘ። የመጨረሻው ቅጠል ተቀዷል።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ሼህ ዓብዱልላጢፍን ነው፤ የመንደሯ ሰፋሪዎች በሰባ ሰባቱ ድርቅ ሲመጡ የተቀበሏቸው የአካባቢው የበርታ ሽማግሌ ናቸው።

«ትናንት ወደ ማታ ከደባልቄ ጋር እዚህ ተቀመጥን። ወንዶቹ የውሃ ቦቴ ሲጠብቁ፣ ቡሴ ብቻዋን ይህን ጉድጓድ እንደጀመረች ነገርኩት። ጻፈ፣ አነበበልኝ። እኔ ለመግሪብ ሶላት ሄድኩ፤ እሱ ቀረ።»

«ሌላ የሰማ ሰው ነበር?»

«ወላሂ ማንም የለም። እኔም ለማንም አላወራሁም።»

ቡሴ የአዛውንቱ ሰፋሪ፣ የጋሽ ሰጠኝ፣ የመጀመሪያ ሚስት ነበረች፤ ከሞተች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል።

«ደባልቄ ከእኔ በፊት ለጋብቻ ጠይቋት ነበር» አለ ሰጠኝ ሳይደብቅ። «ስሟን ሲያነሳ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።»

«የጻፈውን አይተውታል?»

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ልጄ።»

ሁለተኛ ሚስቱ የዝናሽ «ደብተሩን በዓይኔ አላየሁም» አለች። ቀነኒ ልትነሳ ስትል ግን ንዴቷ አመለጣት። «ለሞተች ሴት ወረቀቱን ፊትና ጀርባ ሲሞላ፣ ሠላሳ ዓመት እዚህ የኖርኩትን እኔን በአንድ መስመር እንኳ አላነሳኝም!»

ቀነኒ ሦስቱንም ጉድጓዱ ዘንድ ሰበሰበቻቸው።

«ደባልቄ ጀርባውን የሰጠው ለማይፈራው ሰው ነው። ገዳዩ ደብተሩን ትቶ አንድ ቅጠል ብቻ ቀደደ፤ የጠላው ያንን ጽሑፍ ነው ማለት ነው። ጋሽ ሰጠኝ ማንበብ ስለማይችሉ ቅጠሉ ላይ ምን እንደተጻፈ አያውቁም። ሼህ ደግሞ ራሳቸው ያስጻፉትን ለምን ያጠፋሉ? ጽሑፉ ፊትና ጀርባ እንደሞላ የሚያውቅ፣ ቅጠሉን በእጁ የያዘ ሰው ብቻ ነው። እትዬ የዝናሽ፣ ደብተሩን አላየሁም ብለው ይህንኑ ነገሩኝ፤ ሼህ ከሄዱ በኋላ እርስዎ መጥተዋል።»

የዝናሽ ከጉድጓዱ ዳር ቁጭ አለች።

«እኔንም ጨምረኝ ብዬ ለመንኩት። ‹አንቺ ስትመጪ መንደሩ ቆሞ ነበር› ብሎኝ ዞረ። ድንጋዩን ሳነሳ ቡሴን የምመታ ነው የመሰለኝ።»

ከቀነኒ ጋር የመጣው ፖሊስ ወደ መኪናው ሲወስዳት ዞራ ባሏን አየችው። ሰጠኝ አላያትም። ወደ ሼሁ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ስለ ቡሴ ምን ብሎ ነበር የጻፈው?» አላቸው።