ባጋስ የተቀመጠባት እጅ

መጀመሪያ የተሰማት ጭብጨባው ነው። ከአጥሩ ማዶ ሕፃናቱ እያጨበጨቡ የመሰነባበቻ መዝሙራቸውን ይዘምራሉ። ሰካር ብስክሌቷን አጥሩ ላይ አስደግፋ፣ ጫማዋን ደጃፉ ላይ አውልቃ ገባች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታናሽ ወንድሟን ባጋስን ከመዋዕለ ሕፃናቱ ይዛ ወደ ቤት መሄድ የእሷ ሥራ ነው።

ልጆቹ ተሰልፈው የመምህርታቸውን የቡ ታንቲን፣ የእትዬ ታንቲን፣ እጅ በየተራ እየያዙ ግንባራቸውን ያስነካሉ። ባጋስ ሰልፉ ውስጥ የለም። ጥግ ላይ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ግራ እጁን ቂጡ ሥር ወሽቋታል። ፊቱ ያለው ወረቀት ምንም አልተነካም። አጠገቡ፣ በዚህ ሰዓት ገበያ ቴምፔ የሚባለውን የአኩሪ አተር ጥብስ መጥበስ የነበረባት እናታቸው ቆማለች።

«ቤት እኮ ሲስል ነው የሚውለው» ትላለች አጠገቧ ለቆሙት ለመዋዕለ ሕፃናቱ ዳይሬክተር። «ሰሞኑን እርሳስ አልነካ ሲለኝ ያመመው መስሎኝ ነበር። ለካ ‹እጄ ትደርቃለች› ብሎ ነው! እዚህ ካልሆነ የት ይሰማዋል?»

«የባጋስ እናት፣ እኔም ይህን ከአፉ ስሰማ ደንግጬ ነው ያስጠራሁዎት» አለች ቡ ታንቲ ዝግ ብላ። «ለሰው ስትሰጡና ሰላም ስትሉ በጣፋጯ እጅ፣ በቀኟ ነው ያልኳቸው። ሥዕሉንማ በፈለጋት ይሳል።»

«ቀኟ ጣፋጭ ከሆነች ግራዋ ምን ልትሆን ነው? መራራ? ሕፃን ልጅ ይሄን እንዴት ይለየው?»

ሰካር ባለፈው ሳምንት ያደረገችው ትዝ አላት።

ያን ቀን የጓደኛዋ የኒንዲያ አያት ከመካ ተመልሰው ሰፈሩ በሙሉ ሊጠይቃቸው ሄዶ ነበር። ባጋስ ተምር ሲሰጡት ግራ እጁን ዘረጋ። አሮጊቷ ተምሩን መለስ አደረጉት። ኒንዲያ ወደ ሰካር ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «ዝንጀሮ ነው እንዴ ያሳደገው?» ብላ ሳቀች። ሰካር ቤት እስክትደርስ ፊቷ እንደጋለ ነበር። እንደገቡ ግራ እጁን አንቃ ያዘችና፣ «ይቺ ቆሻሻ ነች። ከተጠቀምክባት ትደርቃለች። ተቀመጥባት!» አለችው። እስኪመሽ ይረሳዋል ብላ ነበር።

ዳይሬክተሯ ቁጢጥ አሉ። «ባጋስዬ፣ ትደርቃለች ያለህ ማነው?»

ባጋስ እህቱን አየ። ሊከሳት አይደለም፤ ልናገር ወይ ብሎ የሚጠይቅ ነው የሚመስለው። ሰካር አቀርቅራ የእግሯን ጣቶች አየች።

«አላውቅም» አለ ባጋስ።

«አያችሁ? መምህርቷን ፈርቶ ነው» አለች እናቱ።

ዳይሬክተሯ ተነሡ። «ነገ ጠዋት ከወላጅ ኮሚቴው ጋር እንነጋገርበታለን። ታንቲ፣ እስከዚያ ክፍል ባትገቢ ይሻላል። እዚህ መቆየትሽንም ኮሚቴው ነው የሚወስነው።»

«እሺ» አለች ቡ ታንቲ። የቀለም እርሳሶቹን ወደ ጣሳቸው ትሰበስብ ጀመር። አንዱ ተንከባሎ ሰካር እግር ሥር ቆመ። ሰካር አነሣችው፤ ጎንበስ ብላ፣ በቀኟ፣ ደንቡን ጠብቃ ሰጠቻት።

«ተባረኪ፣ ጨዋ ልጅ» አለቻት ቡ ታንቲ።

ያቺ ቃል እቤት ድረስ ተከተለቻት። ራት ላይ እናታቸው ሩዝ ልትጨምር ወደ ጓዳ ስትገባ ባጋስ ወደ እህቱ ተጠጋ።

«እትዬ፣ አልተናገርኩም አይደል?»

«ብላ» አለችው። የራሷን ሳህን ግን ገፋ አደረገችው።

ጠዋት ኒንዲያ መስቀለኛው መንገድ ላይ ብስክሌቷ ላይ ሆና ጠበቀቻት።

«ምን ትጎተቻለሽ? ሒሳብ ፈተና እኮ ነው መጀመሪያ። ካረፈድን በር ይዘጉብናል። ቀመሮቹን ሸመደድሽ?»

«ትንሽ ትንሽ።»

«አልቆልሻላ!»

ጎን ለጎን ትንሽ ነዱ። በሩዝ ማሳው ዳር ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ የሚያወርደው መንገድ ጋ ሲደርሱ ሰካር ፍሬን ያዘች። ቁልቁል ስታይ የኮሚቴው እናቶች ሞተር ሳይክሎቻቸውን በሩ ላይ አቁመው እየገቡ ነው።

«ምነው፣ ሰንሰለቱ ወለቀ?» አለች ኒንዲያ።

ሰካር መሪዋን ወደ ቁልቁለቱ አዞረች።

«ኧረ ሰካር፣ ፈተናው! ወዴት ነው?»

ሰካር ዞር ሳትል ቁልቁል ወረደች።