ሞተ የተባለው ስክሪን

ሃርዮኖ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ እንደደፋ ነበር የተገኘው። በክርኑ አጠገብ ባዶ የእርድ መጠጥ ብርጭቆ፣ በፊቱ የተከደነ ላፕቶፕ ነበር። በኢንዶኔዥያዋ ፔካሎንጋን ከተማ፣ በሰም እየተነቀሰ ለሚቀለመው የባቲክ ጨርቅ እንደ እሱ ንድፍ የሚያወጣ አልነበረም።

መርማሪዋ ሱሚያቲ ብርጭቆውን አሸተተች። ከግቢው የጨርቅ ማቅለሚያ ቤት የተወሰደ መርዝ ሸተታት። ወደ ግቢው ወጣች።

«መጠጡን ማን አቀረበላቸው?»

«እኔ» አለች የእህቱ ልጅ ወኒንግ። «ሁልጊዜ ማታ ማታ የማቀርብለት እኔ ነኝ።»

ግቢው ውስጥ የቆሙት ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ። የሟቹ ታናሽ ወንድም ጉናዲ ትከሻዋን አቀፋት። «አይዞሽ ልጄ፣ እኔ አለሁልሽ» አላት። የእጁ አምባር አንገቷን ሲነካው ቀዘቀዛት።

«የክፍላቸውን በር ማን ሰበረው?» አለች ሱሚያቲ።

«እኔ ነኝ፣ ቡ ሱሚያቲ» ሲል በአክብሮት መለሰ ቀለም ነካሪው ታርሶ። «ሲዘጋ ራሱን የሚቆልፍ በር ነው። ቁልፉ ሁልጊዜ ከሃርዮኖ ኪስ አይጠፋም። ዛሬ ጠዋት ገብቼ እንዳየኋቸው ወጣሁና እናንተ እስክትመጡ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ማንም አልገባም።»

«እርስዎስ፣ ፓክ ጉናዲ?» አለች እሷም በአክብሮት።

«ትናንት ቀንም ሆነ ማታ እግሬ እዚያ ክፍል አልረገጠም። ዛሬም ይቺን ልጅ ደግፌ እዚሁ ግቢ ነበርኩ።» ሱሚያቲ በተሰበረው በር ወደ ላፕቶፑ ስታይ ቀጠለ። «እሱን እንኳ ይተዉት። ስክሪኑ ሞቷል። ይነቃል፣ መብራቱ ብልጭ ይላል፣ ስክሪኑ ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው። ለጠጋኝ ነው የሚሰጠው።»

ሱሚያቲ ገብታ ክዳኑን ከፈተች። በራ። ዘግታ ደግማ ከፈተች። አሁንም በራ።

ስትወጣ ጉናዲን «አምባርዎ ያምራል» አለችው።

ታርሶ ቀደመው። «ማግኔት ነው አሉ! ትናንት አመሻሽ ላይ ከገበያ ገዝተው መጥተው ሲያሳዩን ነበር። ደም ግፊት ያወርዳል ብለው፤ ድምፃቸውን ግን አላወረደላቸውም።»

የሳቀ የለም። ወኒንግ የግቢው በር ላይ የቆመውን የፖሊስ መኪና እያየች ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሱሚያቲ ሦስቱን ሰበሰበችና ላፕቶፑን አስቀመጠችላቸው። «ተራ በተራ ስማችሁን ጻፉ።»

ወኒንግ ጻፈች። ታርሶ በአንድ ጣቱ ፊደል እየለቀመ ጻፈ። ጉናዲ ተቀምጦ አምባር ያሰረበትን ግራ የእጅ አንጓውን ከፊደሎቹ ግርጌ አሳረፈ። ስክሪኑ ድርግም አለ።

«አላልኩም?» አለ።

«ብለዋል። እጅዎን ያንሱ።»

እጁን አነሳ። ሱሚያቲ ማብሪያውን ነካ አደረገችው፤ ስክሪኑ በራ።

«ይህ ላፕቶፕ ክዳኑ መዘጋቱን የሚያውቀው በማግኔት ነው። ማግኔት ሲጠጋው የተከደነ ይመስለውና ስክሪኑን ያጠፋል። በማግኔት የሚጣበቀው የደረቴ የስም ሰሌዳ የቢሮዬን ላፕቶፕ ስንቴ አጨልሞብኛል! ስለዚህ ሞቷል ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ለእርስዎ ብቻ ነውና የጨለመው። አምባሩን የገዙት ትናንት አመሻሽ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ሊጨልምብዎ አይችልም። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ማንም አልገባም። ያዩት ማታ ነው፤ እግሬ አልረገጠም ባሉት ክፍል ውስጥ። ሲወጡ በሩ ራሱን ቆልፏል።»

«ላፕቶፕ መንካት ሰው መግደል ሆነ እንዴ?»

«አጎቴ በሕይወት እያለ ላፕቶፑን ለማንም አያስነካም ነበር» አለች ወኒንግ፣ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ።

ሱሚያቲ ወደ ጉናዲ ዞረች። «ሰሙ? ለመክፈት የደፈሩት ሃርዮኖ ከሞቱ በኋላ ነው። ሲሞቱ አጠገባቸው ከነበሩ፣ ለምን ሰው አልጠሩም?»

ጉናዲ አምባሩን ከእጁ አወለቀ። «ላፕቶፑ ውስጥ ያሉትን የወንድሜን አዳዲስ ንድፎች ለሶሎ ከተማ ነጋዴዎች ቃል ገብቼ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ብለምነው፣ ብለምነው እምቢ አለኝ።»

ፖሊሶቹ ሲይዙት ወደ ወኒንግ ዞረ። ድምፁ ጠዋት ሲያጽናናት እንደነበረው ለስላሳ ነበር።

«መርዙን አንቺ ያቀረብሽው መጠጥ ውስጥ የጨመርኩት አንቺን ጠልቼ አይደለም፣ ልጄ። አንቺ ነሽ ቢባል ሁሉም እንደሚያምን አውቅ ስለነበር ነው።»

ወኒንግ ታርሶን አየችው። ጠዋት ካመኑት አንዱ የነበረው ታርሶ መሬት መሬቱን ያይ ነበር።