ጫማ የማይገባበት ክፍል

የመርከቧ መካኒክ አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። ራስጌው ባዶ የእንቅልፍ ክኒን ብልቃጥ አለ፤ አልጋው ሥር የሥራ ቦት ጫማው ጎን ለጎን ተቀምጧል። ጓደኞቹ «አፈኛው» ይሉት ነበር። ውላቸው አልቆ «አገራችሁ አትገቡም» ሲባሉ ለሁሉም የሚሟገተው እሱ ነበራ! የዚያን ዕለት ጠዋት የወደብ ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ የሁሉንም ብሶት ሊነግራቸው ነበር። ተቆጣጣሪዎቹ መጥተው ሄዱ፤ እሱ ግን አልታየም።

የፖሊስ መርማሪዋ ወደ መኝታ ክፍሎቹ ልትገባ ስትል፣ ዓይኑ በለቅሶ ያበጠ ሰው በሩ ላይ አስቆማት። የመርከቧ ምግብ አብሳይና የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው።

«ይቅርታ እህቴ፣ ጫማሽን እዚህ መደርደሪያው ላይ። ግራሶና ዘይት መኝታችን አይገባም። ካፒቴኑም ቢሆን እዚሁ ያወልቃል።»

አወለቀች። አንዱ ካልሲዋ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል፤ ግድም አልሰጣት።

«ራሱን ገደለ እያሉ ነው» አላት። «እናታችን ይህን ከሰማች አትተርፍም። እኔ አላምንም! ትናንት እኮ ተቆጣጣሪዎቹ ፊት የሚለብሰውን ሸሚዝ እያፏጨ ሲተኩስ ነበር።»

አስከሬኑ ላይ ጎንበስ አለች። ጥፍሮቹ ተሰባብረዋል፤ ውስጣቸው አረንጓዴ ቀለም አለ። ፀጉሩ የቀለም ማቅጠኛ ይሸታል። አልጋው ሥር ያለውን ቦት ጫማ አየች፤ ከዚያ ዞራ በሩ ላይ ያለውን መደርደሪያ አየች።

የመርከቧ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ተወካይ ካፒቴኑ ክፍል ውስጥ እግሩን አነባብሮ የጫማውን ጫፍ እያወዛወዘ ጠበቃት።

«የባሕር ኑሮ ከባድ ነው» አለ። «ናፍቆት፣ ብቸኝነት… አእምሮው ተጎድቶ ነበር። እኛ ለመርከበኞቻችን ደህንነት ያላደረግነው የለም። ፖስተር ሁሉ ለጥፈናል!»

እውነትም ተለጥፏል። «ብቻህን አይደለህም» ይላል። አይ ድፍረት!

ምክትል ካፒቴኑ ግን ገና ሲጠየቅ ተርበተበተ።

«ተጣልተናል፤ አልክድም። አፍህን ዝጋ ብዬዋለሁ። እኔም ልጄን ካየሁ ከርሜያለሁ፤ ግን ፈራሁ።»

«መጨረሻ ያየኸው የት ነው?»

«ወደ ቀለም መጋዘኑ ሲሄድ። የተበላሸውን ማራገቢያ ሥራ ተብሎ።»

«ማን አዘዘው?»

«እኔ እንጃ።»

መርማሪዋ መጋዘኑን አይታ ስትመለስ ጫማዋን እንደገና መደርደሪያው ላይ ትታ፣ ሁሉንም ከመኝታ ክፍሎቹ ጋር በአንድ በር በሚገባበት መመገቢያ ክፍል ሰበሰበች።

«ይህ ሰው አልጋው ላይ አልሞተም» አለች። «የመጋዘኑ በር ከውስጥ በኩል አረንጓዴ ነው፤ በጥፍር ተቧጭሯል። በሩ የሚቀረቀረው ከውጭ ነው። ማራገቢያው አይሠራም፤ የማቅጠኛው ሽታ አፍኖ ገደለው። ከዚያ በወጥ ቤቱ ዕቃ ጋሪ ወደ ክፍሉ ተወሰደ፤ ጋሪው ላይ ያው ቀለም አለ።»

«እሺ፣ ማን?» አለ ካፒቴኑ።

«ያጋደመው ሰው የተኛ ሊያስመስለው ፈለገ። የተኛ ሰው ጫማው አልጋው ሥር ነው ብሎ አሰበ። ከእናንተ አንዱ ቢሆን ኖሮ፣ ቢደነግጥ እንኳ ቦቱን በሩ ላይ ነበር የሚተወው። እዚህ መርከብ ላይ ጫማውን ሳያወልቅ መኝታ ክፍል የሚገባ ማን ነው?»

ሁሉም ጎንበስ ብለው እግር አዩ። ካልሲ፣ ካልሲ፣ የመርማሪዋ የተቀደደ ካልሲ። ከዚያም የተወካዩ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ጫማ።

«ተቆጣጣሪዎቹ እስኪወርዱ ላቆየው ብዬ ነው እንጂ!» ብሎ ጮኸ ተወካዩ። «እንዲሞት አልፈለግኩም!»

«ሲሞትብህ ግን ክኒን አስታቅፈህ ስሙንም ልትገድለው ፈለግክ» አለችው።

ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ የካፒቴኑ ስልክ ጮኸ። ኩባንያው ነው፤ መርከቧ ቶሎ እንድትነሳ ይፈልጋል። ካፒቴኑ እስከዚያ ቀን ድረስ «እሺ ጌታዬ» ከማለት ሌላ አያውቅም ነበር።

«አትነሳም!» አለ። «ሰዎቼ አገራቸው ይገባሉ። ተቆጣጣሪዎቹንም መልሼ እጠራለሁ።»

«የሚናገረው እኔ ነኝ» አለ ምክትሉ ወደ ፊት ወጥቶ።

አብሳዩ ጥግ ይዞ ለእናቱ ደወለ። እንባው ይወርዳል፤ ድምፁ ግን አልተቆራረጠም።

«እማዬ፣ ስሚኝ። ልጅሽ በገዛ እጁ አልሞተም። ስለ እኛ እንዳይናገር ነው የገደሉት። አሁን ሁላችንም ልንናገር ነው፤ እስቲ ሁላችንም ላይ ይቆልፉ!»