ሰማያዊው ቧንቧ

ተመራማሪው በፋብሪካው የእህል ክፍል፣ በሩ ሥር ሞቶ ተገኘ። ጥፍሮቹ ደምተዋል፤ መቀርቀሪያው ከውጭ ተዘግቷል። ክፍሉ ናይትሮጅን ጋዝ ተሞልቶ ነቀዝ ያለ መርዝ፣ አየር አጥቶ የሚያልቅበት ነው። ሟቹ በዩኒቨርሲቲ ዘጠኝ ዓመት የለፋበትን ዘዴ ለፋብሪካው በውል የሚያስረክበው ዛሬ ነበር።

ጡረታው የተቃረበው መርማሪ ጋዙ ወደሚከፈትበት ጠባብ ክፍል ገባ። ጫማው ራሰ።

«ይሄ ውሃ ምንድነው?»

«እንጃ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ሰማያዊው ቧንቧ የወለል ማጠቢያ ነው። በምሳ ሰዓት ማን ወለል ያጥባል?»

ውጭ ፖሊሶቹ ከሟቹ ጋር ከዩኒቨርሲቲው የመጣችውን የላቦራቶሪ ባለሙያ ሊወስዷት መኪና አስነሥተዋል። ጠዋት ከሟቹ ጋር ስትጨቃጨቅ ተሰምታለች።

«ምን አጣላችሁ፣ እህቴ?» አላት መርማሪው።

«ጋሼ ውሉ አይፈረምም አሉ። ክፍሉ ሲሰፋ ጋዙ ጥጉ ድረስ አይደርስም፣ ነቀዙ ይተርፋል አሉ። እኔ ደግሞ ደከመኝ አልኳቸው። ይኸው ነው።»

«ቧንቧዎቹን ማን ቀባቸው?»

«እኔ። እኛ ጋ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ የጋዙ ቧንቧ ሰማያዊ ነው። እዚህ ሰማያዊ ውሃ ስለሆነ፣ ሠራተኛው እንዳይሳሳት ጋዙን ቢጫ አደረግኩት።»

የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ሽግግር ኃላፊ ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ውሉን ፊቱ ዘርግቶ ተቀምጧል።

«እኔ ከዚህ ንቅንቅ አላልኩም። ፋብሪካውን የማውቀው በወረቀት ነው፤ የአሠራር መመሪያውን እንኳ የጻፍኩት ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ነው።»

መርማሪው ሦስቱንም እዚያው ሰበሰበና ወንበር ስቦ በረጅሙ ተነፈሰ።

«ገዳዩ መጀመሪያ የከፈተው ሰማያዊውን ነው። ውሃ ሲለቅበት ዘግቶ ወደ ቢጫው ዞረ። የፋብሪካ ሰው ሰማያዊው ውሃ መሆኑን ያውቃል። ቀለሙን የቀባችውም አትስተውም። ሰማያዊ ጋዝ ነው ብሎ የሚመጣ፣ ዘዴውን ከመመሪያው ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው። ጌታዬ፣ ከዚህ ንቅንቅ ካላሉ የሱሪዎን ጫፍ ምን አራሰው?»

ኃላፊው ጎንበስ ብሎ ሱሪውን አየ። ቀና ሲል ያረጀ ይመስል ነበር።

«ስድስት ዓመት ‹ወደ ኢንዱስትሪ የተሸጋገረ የለም› እያልኩ ሪፖርት ጻፍኩ። ዘንድሮ ካልሆነ ቢሮው ይዘጋል አሉኝ። የቀረኝ አንድ ፊርማ ነበር። ለመንኩት እኮ። ‹ጥጉን ልለካ› ብሎኝ ገባ። እሱ ከሌለ እሷ ትፈርማለች ብዬ ዘጋሁበት።»

ይዘውት ወጡ። ሥራ አስኪያጁ ውሉን ወደ ባለሙያዋ ገፋ አደረገ።

«እንግዲህ ዘዴውን የሚያውቅ አንቺ ብቻ ቀረሽ። ትፈርሚያለሽ?»

እስክሪብቶውን አነሣች። ከዚያ አስቀመጠችው።

«ክፍሉን አናፍሱልኝ» አለች። «ልኬቱን ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።»