ሁለት ካሬ

ይህ በእውነት የሆነ ነገር ነው። ሰው ነግሮኝ አይደለም የምጽፈው።

እዚህ ቻናል ላይ የማነበው ታሪክ ሁሉ ሌሊት ነው የሚጀምረው። ውሻ ያላዝናል፣ መብራት ይጠፋል፣ በር ይንኳኳል። የኔው ግን በቀን ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ በነሐሴ፣ ሽንፋ ወንዝ ዳር። እንሽላሊት እንኳ ጥላ በሚፈልግበት ሰዓት።

ስሜ ባፈና ነው። ሥራዬ ውሃ ማንበብ ነው።

አትሳቁ። ወንዙ ዳር ቁጥር የተጻፈበት ረጅም ብረት ተተክሏል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እወርድና ውሃው የደረሰበትን ቁጥር ደብተር ላይ እጽፋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሠራሁት። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆመ፤ የቀረውን ውሃው አስተማረኝ።

ሰዉ ደግሞ በኔ ቁጥር ነው የሚሻገረው። መሻገሪያው ከብረቱ በታች የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ውሃው ድፍርስ ስለሆነ ጥልቀቱ በዓይን አይታወቅም። ስለዚህ ሰው ከመግባቱ በፊት ይደውልልኛል።

“አያ ባፈና፣ ዛሬ ስንት ነው?”

ከአንድ ሜትር ከሃያ በታች ከሆነ “ግባ” እላለሁ። ከበለጠ “አትግባ”። ሌላ ወሬ የለም።

ዘንድሮ በሰኔ አንዲት ሴት መጣች። መሠረት ትባላለች። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሂሳብ አስተማሪ ናት፤ ለሦስተኛ ዲግሪዋ ጥናት ትሠራለች። አገሩ “ዶክተር” አላት። “ገና ነኝ” እያለች ሁለት ሳምንት ታገለች፤ ከዚያ ተወችው።

ከሷሊህ ሱቅ ጀርባ ያለውን ክፍል ተከራየች። ሷሊህ ሶላር ስላለው ነው።

“ምን ልትሠራ መጣች?” አለኝ ሷሊህ።

“የወንዙን ሞዴል።”

“ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ እኔ ሞዴል ሲባል የማውቀው የመጋዘን ደረሰኝ ነው። ወንዙን ለማን ልታስረክበው ነው?”

እኔም መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ኋላ ኮምፒዩተሯን ከፍታ አሳየችኝ። ወንዙን ከነዳርቻው፣ ከነመንደሩ፣ እንደ ወለል ንጣፍ ቆራርጣዋለች። እያንዳንዷ ካሬ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ናት። እያንዳንዷ ካሬ ጎረቤቶቿን ትጠይቃለች... “ስንት ውሃ አለሽ? ለኔ ስንት ትለቂልኛለሽ?” ጎረቤቶቿ ይመልሳሉ። እንደገና ትጠይቃለች። ይህን ሚሊዮን ጊዜ ሲያደርጉት ወንዙ ኮምፒዩተሩ ውስጥ መፍሰስ ይጀምራል።

መንደር ማለት ነው። ሐሜት ብቻ የለበትም።

“ደጋ ላይ የጣለው ዝናብ እዚህ ስንት ሰዓት እንደሚደርስ ቀድሞ ይነግረናል” አለችኝ። “የእርስዎ ደብተር ነው መሠረቱ፣ አያ ባፈና። ያለ እርስዎ ቁጥር ይህ ሁሉ ጨዋታ ነው።”

ደብተሬን ሰጠኋት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ደብተሬ ውስጥ ከልቤ ፈጥሬ የጻፍኳቸው ቀኖች አሉ። ታምሜ ያልወረድኩባቸው፣ ሰርግ የሄድኩባቸው። ያለፈውን ቀን አይቼ፣ የሚመጣውን ገምቼ፣ መሐሉን እጽፋለሁ። የውሃ አንባቢ ሁሉ ያደርገዋል።

አንድ ቀን እሷም የጎደለ ቁጥር ስትሞላ አየኋት። ከላይና ከታች ያሉትን ወስዳ መሐሉን ጻፈች።

“ይኼ ምን ይባላል?” አልኳት።

“ኢንተርፖሌሽን።”

እሷ ስትሠራው ኢንተርፖሌሽን ነው። እኔ ስሠራው ውሸት።

ከልቤ ፈጥሬ ከጻፍኳቸው ግን አንዱ እንደ ሌሎቹ አልነበረም።

የአምናው ነሐሴ 14።

ያን ሰሞን ገለጉ ነበርኩ፤ ራቅ ያለ የእርሻ መሬቴ ላይ። ዝናብ መንገዱን ዘጋውና ስድስት ቀን ቀረሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ከሥራው እንዳልባረር። በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። ያረጋል ነው፤ ሰሊጥ ለማረም የመጡትን ሳሉጎች የሚያሠራ ልጅ።

“አያ ባፈና፣ ዛሬ ስንት ነው?”

የውሃው ድምፅ ከጀርባው ይሰማኛል። “ብረቱ ዘንድ የለሁም” ማለት ነበረብኝ።

“አንድ ከአስር” አልኩት። “ግባ።”

“እሺ፣ ገባሁ” አለ።

አስከሬኑ አልተገኘም። እንደደወለልኝም ማንም አያውቅም፤ ስልኩ አብሮት ሄደ። ስመለስ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ... ነሐሴ 14፣ 1.10።

ዘንድሮ ሐምሌ ማለቂያ ላይ መሠረት ጠራችኝ። ፊቷ ደክሟል።

“አያ ባፈና፣ የአምናው ነሐሴ 14 አልገጥምልኝ አለ። ሌላው ሁሉ ይገጥማል። ያን ቀን ግን ኮምፒዩተሩ ሁለት ከስድሳ ይላል፤ እርስዎ አንድ ከአስር ነው የጻፉት።”

“ኮምፒዩተር ይሳሳታል” አልኩ።

“አዎ። ደግሞ ይህን ይዩልኝ።”

ከመሻገሪያው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በሰማያዊው ውሃ መሐል ነጭ ነገር አለ። ውሃው አይገባበትም። እየዞረው ያልፋል።

“ድንጋይ አለ እዚያ?”

“የለም።”

“ሁለት ካሬ ነው” አለች። “ጎን ለጎን።”



በማግስቱ ያንኑ ቀን እንደገና አስኬደችው። ነጩ ነገር ከመሻገሪያው በላይ ወጥቷል። ወደ ላይ። ውሃው ወደሚመጣበት።

“ስህተቴ የት እንደሆነ እንጃ” አለች። “ግን አንሷል። አንድ ካሬ ሆኗል።”

እሷ አነሰ አለች።

እኔ ግን ቤቴ እስክደርስ አሰብኩት። ካርታው ከላይ ነው የሚታየው። የተኛ ሰው ከላይ ሲታይ ሁለት ካሬ ይይዛል።

የቆመ ሰው ግን... አንድ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ብረቱ ግማሽ መንገድ ደርሶ ነበር።

ያኔ መናገር ነበረብኝ።  እሷ ግን ቀደመችኝ።

“ወሰንኩ” አለች። “በዓይን የታየ ቁጥር ከኮምፒዩተር ይበልጣል። የወንዙን ወለል ለስላሳ አደርገዋለሁ፤ ውሃው ቶሎ ሸሽቶ ከእርስዎ አንድ ከአስር ጋር ይገጥማል።”

ወንዙን በሙሉ ለኔ ውሸት አጎነበሰችው።

ከዚያ በኋላ ሞዴሏ ሁልጊዜ ዝቅ ያለ ውሃ ይናገር ጀመር። ሰዉም “ዶክተሯ ምን አለች?” ማለት ጀመረ። ከሁሉ በላይ የሚያምናት ወንድማገኝ ነበር። የያረጋል ታናሽ ወንድም ነው። የወንድሙን ሥራ እሱ ያዘ፤ ሠላሳ ሁለት ሳሉጎች ያሠራል።

ዘንድሮም ነሐሴ 14 መጣ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ወፍ የለም። ብረቱ ዘንድ ወርጃለሁ፤ ሰዓቴ አልነበረም፣ እግሬ ወሰደኝ። መሠረት ጠዋት “ዛሬ እስከ ማታ ከአንድ ሜትር አይበልጥም” ብላለች። ሳሉጎቹ ከማዶ ያለውን ሰሊጥ ሊያርሙ መሻገሪያው ላይ ናቸው።

ብረቱን አየሁ። አንድ ሜትር ከስምንት ሳንቲ ሜትር። በኔ ሕግ “ግባ” ነው።

ከዚያ ውሃው አረፋ ማምጣት ጀመረ... ትንሽ ትንሽ።

ቅጠል መጣ። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት። የባሕር ዛፍ ነው። እኛ ዘንድ ባሕር ዛፍ የለም። ደጋው እየታጠበ ነው ማለት ነው።

ስልኬ ጮኸ። ወንድማገኝ።

“አያ ባፈና፣ ዛሬ ስንት ነው?”

“አትግባ።”

 ስልኩ ውስጥ የውሃ ድምፅ ይሰማል። ቅርብ ነው። በጣም ቅርብ።

“ለምን?” አለ። ቀስ ብሎ።

“ደራሽ ውሃ እየመጣ ነው።”

“ዶክተሯስ?”

“የሷ ሂሳብ በኔ ምክንያት ተበላሽቷል። አምና ወንድምህ የገባ ቀን... እኔ እዚህ አልነበርኩም። ገለጉ ነበርኩ። ደውሎልኝ ነበር። ከልቤ ፈጥሬ ነው ቁጥር የነገርኩት። ግባ አልኩት።”

ውሃው ይንሿሿል። 

“ሰማኸኝ?”

“ሰማሁ።”

“ይቅር በለኝ።”

ከዚያ ድምፁ መጣ። የወንድማገኝ ድምፅ ቀጭን ነው። ይህ ወፍራም ነበር። የማውቀው።

“ታዲያ ያን ቀን ለምን ግባ አሉኝ?”

ስልኩ ተዘጋ።

ደራሹ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደረሰ። ብዙ የጭነት መኪና ባንዴ የሚመጣ ይመስል ነበር። ግንድ ተሸክሞ፣ ጥጃ ተሸክሞ። ብረቱ አጠገብ ቆሜ አነበብኩት፤ ሥራዬ ነውና። ሁለት ከስድሳ።

ወደ መሻገሪያው ሮጥኩ። ሠላሳ ሁለቱም ዳር ላይ ተቀምጠዋል፤ ውሃውን እያዩ። ወንድማገኝ ሲያየኝ መጥቶ ጉልበቴን ሳመ።

“ምነው ዘጉብኝ፣ አያ ባፈና? ‘አትግባ’ ብለው ብቻ ዘጉት። ምንድን ነው ብዬ መልሼ መልሼ ብደውል ተይዟል ይለኛል።”

“ተይዟል?”

“አራት ጊዜ ነው የሞከርኩ። ከማን ጋር ነው ይህን ያህል ወሬ?” ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና ውሃውን አየ።

“ወንድሜም ያን ቀን እንደኔ ለእርስዎ ደውሎ ቢሆን ኖሮ” አለ።

አሁን ነው፣ አልኩ በልቤ። አሁን ንገረው።

ሠላሳ ሁለት ሰው ያየኛል። አንዱ “ዕድሜ ይስጥዎ” አለ።

“አሜን” አልኩ።

ይኸው ነው የተናገርኩት። አሜን።

ለመሠረት ግን ማታውን ነገርኳት። ሁሉንም አይደለም። “ያን ቁጥር ሰርዢው፣ ተሳስቼ ነው የጻፍኩት” አልኳት። ትኩር ብላ አየችኝ።  ሰረዘችው፤ ወለሉንም እንደ ቀድሞው አደረገችው።

ወንዙ ተስተካከለ። ነጩ ካሬም ከውሃው ውስጥ ጠፋ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ “ገጠመልኝ” አለች።

ሦስት ቀን በሰላም አደርኩ።

በአራተኛው ቀን ደወለች። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር፤ ውጭ ቆሜ ነበር።

“አያ ባፈና፣ አንድ የሚያስቅ ነገር ላሳይዎት? ደረቅ መሬት ላይ አንድ ካሬ ውሃ ይዛብኛለች። ጎረቤቶቿ ሁሉ ዜሮ ናቸው። ከየት እንዳገኘችው እንጃ።”

“የት ላይ ነው?”

“ብረቱ ካለበት ወደ መንደር ሲወጣ... እርስዎ ደጃፍ አካባቢ መሰለኝ።”

ዞር ብዬ ደጃፌን አየሁ።

መሬቱ እርጥብ ነው። ዝናብ ከጣለ አራት ቀኑ ነው። ውሃ የደፋ ሰው የለም፤ ብቻዬን ነው የምኖረው። የፈሰሰ ውሃ ዳርቻው ይበታተናል። ይህ ግን በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ነበር። አራት ማዕዘን።

አንድ ሜትር በአንድ ሜትር።

ያን ቀን ሷሊህ ሱቅ፣ የሰሊጥ ጆንያ ላይ አደርኩ።

“ቤትህ ምን ሆነ?” አለኝ።

“ያፈሳል።”

“በየትኛው ዝናብ?”



ትናንት ልብስ ልወስድ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በጠራራ ፀሐይ ነው። ደጃፌ ደርቋል። ውሃው ሄዷል ብዬ በሬን ከፈትኩ። ገና አንድ እግሬን ሳስገባ ስልኬ ጮኸ።

“አያ ባፈና” አለች መሠረት። ድምፅዋ ከወትሮው ዝቅ ብሏል። “ቤትዎ ነዎት?”

“ምነው?”

“ያቺ ካሬ... ገብታለች። ቤትዎ ውስጥ ናት።” ትንፋሿ ይሰማኛል። “ደግሞ አንድ አይደለችም አሁን። ሁለት ሆናለች። ጎን ለጎን።”

ቤቴ አንድ ክፍል ነው። አልጋዬ ግድግዳውን ተጠግቶ ነው። ጋቢዬን ሳልጠቀልለው ነበር የሄድኩት።

ጋቢው አልጋው ላይ ከፍ ብሎ ነበር፤ የተኛ ሰው ያህል።

በጋቢው ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል። ድፍርስ ነው።

ልብሴን ሳልወስድ ወጣሁ። ወንድማገኝ ማዶ ማሳው ላይ ነው፤ ከዚህ ሆኜ ድምፁ ይሰማኛል፣ ከሳሉጎቹ ጋር ይቀልዳል። ይህን ቻናል ያነብ እንደሆነ አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንደ ልማዴ ብረቱ ዘንድ ወረድኩ። ደብተሬን ከፈትኩ።

ገና ሳልጽፈው የዛሬው ቁጥር ተጽፏል። በኔ እርሳስ።

ከቁጥሩ አጠገብ፣ እኔ ምንም በማልጽፍበት ባዶ ቦታ ላይ፣ አንዲት ቃል አለች። ወረቀቱ ርሷል፤ ግን ትነበባለች።

“ይግቡ” ይላል።